በ1987 ያደረጋችሁትን ዛሬም አድርጉት፦ ለአሜሪካ ኮንግረስ የሁለቱም ፓርቲ መሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ የሴኔቱ የአብላጫ ወንበር መሪ፣ እንዲሁም በሁለቱም ምክር ቤቶች የአናሳው ወገን መሪዎች፤

በጊዜያዊ ፈቃድ ስለሚኖሩ ስደተኞች የሚናገረውን ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ በአማርኛ የጻፍኩት ነገሩ በቀጥታ የሚነካቸው ወገኖቼ እንዲያነቡትና እንዲተቹት ነው። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለየቢሮአችሁ እልከዋለሁ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምኖረው ስልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በዲቪ መጥቼ ዜግነት አግኝቻለሁ፤ ግብሬን እከፍላለሁ፤ በየምርጫው ድምፄን እሰጣለሁ። የምተዳደረው ሰነድ በመተርጎም ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ለጥገኝነት ጥያቄ የሚቀርብ የእስር ማስረጃ። ሥራዬ ሰው እዚህ አገር በምን ወረቀት እንደሚኖር በቅርብ ያሳየኛል። እኛ ኢትዮጵያውያን እዚህ ሁለት ዓይነት ሆነን ነው የምንኖረው፤ ግማሻችን በሕግ፣ ግማሻችን በትእዛዝ። ልዩነቱን የፈጠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ልትዘጉት የምትችሉትም እናንተ ብቻ ናችሁ።

በሕግ የመጣነውን ልንገራችሁ። በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት የስደተኞች ሕግ በሴኔት 85 ለ0 ያለፈ ነበር፤ ከደርግ ሸሽተው ሱዳን ከገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ አሜሪካን ያዩት በዚያ ሕግ ነው። በ1986 ሬገን የፈረሙት ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ወረቀት ሰጠ። በ1990 ትልቁ ቡሽ የፈረሙት ደግሞ ዲቪን አመጣ፤ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ። በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በጎንደር፣ በአዋሳ ስንቱ ቤተሰብ ውስጥ ዲቪ የደረሰው ሰው እንዳለ እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ የሌለበትን ቤት መፈለግ ይቀላል። አንዱ ፕሬዚዳንት ዴሞክራት፣ ሁለቱ ሪፐብሊካን ነበሩ። ሦስቱም ሕጎች የሁለቱን ፓርቲዎች ድምፅ ይዘው አለፉ። በእነዚያ ሕጎች የገባ ሰው ዛሬ ዜጋ ነው፤ ፕሬዚዳንት በተለወጠ ቁጥር ሻንጣውን አያይም።

በትእዛዝ የሚኖረው ግን እንዲህ አይደለም። በጥቅምት 2022 የሰሜኑ ጦርነት ሲነድ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ለኢትዮጵያውያን ቲፒኤስ፣ ማለትም አገሩ አደጋ ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ ጊዜያዊ የመቆያ ከለላ፣ ፈቀዱ፤ ለ18 ወር። በ2024 እስከ ታኅሣሥ 12 ቀን 2025 ተራዘመ። ያ ቀን ሲደርስ ያው ሚኒስቴር፣ በያው ሕግ፣ አገራችሁ ደኅና ሆናለች ብሎ እንደሚያቋርጠው አሳወቀ። በአማራና በኦሮሚያ ተኩስ አልቆመም ነበር፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታችሁም ለአሜሪካውያን ወደ አንዳንድ የኢትዮጵያ አካባቢዎች አትሂዱ እያለ ነበር። የተለወጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

ይህ ለአንድ ሰው ኑሮ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ወርክ ፐርሚቱ የሚያበቃበት ቀን የመንጃ ፈቃዱም ማብቂያ ነው። ኡበር የሚነዳው ሰው መንጃ ፈቃዱ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል፤ መኪናው የተገዛበት ብድር ግን አያልቅም። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት የምትሠራው ሴት አሠሪዋ አዲስ ካርድ ካላመጣሽ ከሰኞ ጀምሮ አትምጪ ይላታል፤ አሠሪዋ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሕጉ ያስገድደዋል። በቲፒኤስ የትዳር ጓደኛን ወይም ልጅን ማምጣት አይቻልም። ቲፒኤስ በራሱ ወደ ግሪን ካርድ አያደርስም፤ ጥገኝነት የጠየቁትም ከ3 ሚሊዮን በላይ መዝገብ በተከመረበት ፍርድ ቤት ወረፋ ይጠብቃሉ። ኑሮ በ18 ወር ሲለካ ልጅ መውለድ፣ ትምህርት መጀመር፣ ቤት መግዛት ሁሉ «እስቲ የሚቀጥለውን እንይ» ይባልበታል።

አሁን ወደ ጠባችሁ ልምጣ። ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እስከ ታክሲ ተራ፣ ወገኖቼ በተሰበሰቡበት ሁሉ አንዱ «ሕጉን የቀበሩት ሪፐብሊካኖች ናቸው» ይላል፤ ሌላው «ዴሞክራቶች በምርጫ ሰሞን ብቻ ነው የሚያውቁን» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የእናንተ መዝገብ ይመሰክራል።

በ2009 እና በ2010 ዴሞክራቶች ዋይት ሀውሱንም ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዘው ነበር። በልጅነታቸው ለመጡት ወጣቶች የተዘጋጀው ድሪም አክት በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፤ ሴኔት ሲደርስ 60 ድምፅ ሲያስፈልገው 55 አገኘ። ከተቃወሙት መካከል አምስት ዴሞክራቶች ነበሩበት። በሰኔ 2013 ደግሞ ሴኔቱ ሰፊውን የኢሚግሬሽን ረቂቅ 68 ለ32 አሳለፈው፤ 14 ሪፐብሊካኖች ደገፉት። አፈ ጉባኤው ጆን ቤይነር ግን ከራሴ ፓርቲ አብዛኛው ካልደገፈው አላቀርበውም ብለው ለድምፅ ሳያቀርቡት ቀሩ። ያ ረቂቅ ዲቪን የሚያስቀር አንቀጽ እንደነበረው ብዙ ወገኖቼ አያውቁም። እኔ በዲቪ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አንቀጹ አሞኛል። ቢሆንም ድምፅ እንዲሰጥበት ከልቤ እፈልግ ነበር፤ ሚሊዮኖች ከፍርሃት ይወጡበት ነበርና።

ቀጥሎ የመጣው እስከ ዛሬ የምንኖርበት ልማድ ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ ለዓመታት ያለ ኮንግረስ ሰዎችን ከመባረር ማስቀረት ብቻዬን አልችልም ሲሉ ቆዩ፤ በ2014 ለማድረግ ቃል ከገቡ በኋላም የኮንግረስ ምርጫ እስኪያልፍ አዘገዩት፤ ምርጫው ሲያልፍ ኅዳር 20 ላይ የዜጎችንና የሕጋዊ ነዋሪዎችን ወላጆች ለጊዜው ከመባረር የሚያስቀረውን ትእዛዝ አወጡ። ሪፐብሊካኖች ይህ የኮንግረስ ሥልጣን ነው ብለው ተነሡ። ትክክል ነበሩ፤ የኮንግረስ ሥልጣን ነው። ነገር ግን ያን ሥልጣን የሚሠራበት ረቂቅ እነሱ ጋ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር። 26 ክፍለ ግዛቶች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤት አገደ፣ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 4 ለ4 ተከፈለ፣ ትእዛዙ ሞተ። ተስፋ አድርገው ሰነዳቸውን ያሰናዱ ሰዎች አቃፊውን መልሰው አስቀመጡ።

በየካቲት 2024 ተገላብጦ መጣ። ላንክፎርድ፣ መርፊና ሲነማ፣ ማለትም አንድ ሪፐብሊካን፣ አንድ ዴሞክራትና አንዲት የግል ሴናተር፣ ለወራት ተደራድረው የድንበር ረቂቅ አመጡ። ሪፐብሊካኖች ሲጠይቁት የኖሩት ብዙ ነገር ነበረበት፤ እጩ ትራምፕ ሲቃወሙት ግን የራሳቸው ሰዎች ሸሹት፤ 49 ለ50 ወደቀ። ፕሬዚዳንት ባይደንም የምችለውን አድርጌያለሁ፣ የቀረው የኮንግረስ ነው ሲሉ ከርመው በሰኔ ወር ጥገኝነትን የሚገድብ ትእዛዝ በራሳቸው ፊርማ አወጡ። በመካከሉ የተወካዮች ምክር ቤት በ2021 የዴሞክራቶችን፣ በ2023 የሪፐብሊካኖችን ረቂቅ አሳልፏል፤ ሁለቱም ሴኔት ገብተው አልወጡም። ሁሉም ወገን ሌላው እንደሚቀብረው የሚያውቀውን ሕግ እያሳለፈ «እኔ ሞክሬ ነበር» ይላል።

አትችሉም ማለት ደግሞ አይደለም። በሐምሌ 2025 ወደ 170 ቢሊዮን ዶላር ለድንበር፣ ለእስርና ለማባረር የመደበውን ሕግ በሴኔት 51 ለ50 አሳልፋችኋል። ፈቃዱ ሲኖር መንገዱ ተገኝቷል።

የፕሬዚዳንቱ እጅ ይህን ያህል የረዘመው እናንተ ስላስረዘማችሁት ነው። በ1952 የወጣው ሕጋችሁ ፕሬዚዳንቱ ለአገር ጥቅም አይበጅም ያለውን የውጭ ዜጋ ሁሉ እንዳይገባ እንዲያግድ ይፈቅዳል፤ ልኩ አልተጻፈም። በ2017 የሙስሊም አገሮች እገዳ የመጣው በዚያ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ሱዳንና ሶማሊያ ነበሩበት። በ2020 በዚያው አንቀጽ ዲቪ ቆመ። ዲቪ በሕግ የመጣ ነው ብያለሁ፤ ነገር ግን ቪዛው እስከ መስከረም 30 ካልተመታ ዕድሉ ያልቃል፤ ስለዚህ ለወራት ማገድ ከመሻር አይለይም። የዚያ ዓመት ዕድለኞች ሥራ ለቀው፣ ዕቃ ሸጠው በር ላይ ቀሩ። አንድ ዳኛ 9,095 ቪዛዎች እንዲጠበቁላቸው ቢያዝዙም ከዚያ ውጭ የቀረው ብዙ ነው። ስደተኛ የሚገባበት ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ያው የ1980 ሕግ ለፕሬዚዳንቱ በሰጠው ሥልጣን ጣሪያው በ2024 የበጀት ዓመት 125,000፣ በ2026 ደግሞ 7,500 ተደርጓል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ይህን ሥልጣን ከፕሬዚዳንቱ መልሳችሁ መውሰድ ስትፈሩ ቁጣችሁን ድንበር ላይ የቆመው ሰው ላይ ታወርዳላችሁ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ከዚህ በፊት ለእኛው ያደረጋችሁትን ለማስታወስ ነው። በደርግ ዘመን ቲፒኤስ የሚባል አልነበረም። እዚህ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን አስተዳደሩ የሚሰጣቸው «ለጊዜው አናስወጣችሁም» የሚል እፎይታ ነበር፤ በማንኛውም ቀን ሊነሣ የሚችል፣ ልክ እንደ ዛሬው። በታኅሣሥ 1987 ኮንግረስ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን በጀት በሚፈቅደው ሕግ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ጨመረ፤ ቁጥሯ 902 ነው። ያ እፎይታ የተሰጣቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያ፣ አፍጋኒስታን፣ ፖላንድና ኡጋንዳ፣ ዜጎች ከሐምሌ 21 ቀን 1984 በፊት ገብተው ከሆነ ሕጋዊ ነዋሪ ለመሆን ማመልከት ይችላሉ አለች። ሁለቱንም ምክር ቤቶች የያዙት ዴሞክራቶች ነበሩ፤ የፈረሙት ሬገን ነበሩ። አንዱ ወገን ሌላውን አላሸነፈበትም። የትእዛዝ ሰዎች የሕግ ሰዎች ሆኑ፤ ያኔ በፍርሃት ይኖሩ የነበሩት ዛሬ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በሩን ራሳችሁ ቆለፋችሁት። ቲፒኤስን የፈጠረው የ1990 ሕግ፣ ቲፒኤስ ላላቸው ሰዎች ነዋሪነት የሚሰጥ ረቂቅ በሴኔት እንዲታይ ከሴናተሮቹ ሦስት አምስተኛው፣ ማለትም 60ው፣ መፍቀድ አለባቸው ይላል። ፊሊበስተር፣ ማለትም 60 ድምፅ ያላገኘ ረቂቅ በሴኔት የሚታገድበት ልማድ፣ ነገ ቢቀር እንኳ ይህች ቁልፍ ትቀራለች። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህን አንቀጽ እንድታነሡና ለዛሬዎቹ የቲፒኤስ ሰዎች የ1987ቱን እንድትደግሙላቸው ነው፤ ለእኛ ብቻ አይደለም፣ ለሄይቲውም፣ ለቬንዙዌላውም፣ ለሱዳኑም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህም ይቀላል። ሬጅስትሪ የሚባል ከ1929 ጀምሮ ያለ ሕግ አላችሁ፤ ከተወሰነ ቀን በፊት ገብቶ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ወረቀት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ኮንግረስ ቀኑን በ1940፣ በ1958፣ በ1965 እና በ1986 ወደፊት አምጥቶታል። ከዚያ ወዲህ አልተነካም፤ ዛሬም ጥር 1 ቀን 1972 ላይ ቆሟል። በዚያ ቀን በአገራችን ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ አብዮቱ ገና አልፈነዳም፤ ሕዝባችን በጅምላ መሰደድ አልጀመረም። ስለዚህ ይህ ሕግ ለእኛ ስደት ምንም የሚለው የለም። የሚያስፈልገው አዲስ ሥርዓት፣ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ ሺህ ገጽ ረቂቅ አይደለም፤ አንድ ቀን መለወጥ ነው። ቀኑን የት ታደርሱታላችሁ የሚለው ያከራክራችሁ፤ እሱ የሕግ አውጪ ክርክር ነው፣ በደስታ እንሰማዋለን።

የ1952ቱን ሥልጣን ልክ ማበጀትም አለባችሁ። የተወካዮች ምክር ቤት በ2020 እና በ2021 ይህን የሚያደርግ ረቂቅ አሳልፎ ነበር፤ በሴኔት ቀረ።

ዴሞክራት ወገኖቼ ይህን ሲያነቡ ዛሬ ሥልጣን የያዙት እነሱ አይደሉም፣ ለምን እኩል ትወቅሳለህ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኩል አልወቅስም። ዛሬ አጀንዳ የሚቀርጹት ሪፐብሊካኖች ናቸው፤ የዛሬው ፍርሃት የእነሱ ውሳኔ ነው፤ ይህን በግልጽ እላለሁ። ነገር ግን እናንተ የዴሞክራቶች መሪዎች፣ ሥልጣኑን ስትይዙ ምን እንደምታደርጉ ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ ካልነገራችሁን፣ በፕሬዚዳንት ፊርማ ሌላ 18 ወር ልትሰጡን እንደሆነ እንረዳለን።

የምጠይቃችሁ ረቂቆቹን ወደ አዳራሹ አምጥታችሁ ስም እየተጠራ ድምፅ እንድትሰጡባቸው ነው። ሊወድቁ ይችላሉ። ከወደቁ ማን እንደጣላቸው በስሙ እናውቃለን፤ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በጆርጂያ፣ በኔቫዳና በኮሎራዶ የምንኖር ኢትዮጵያዊ አሜሪካውያን መራጮችም በዚያው እንመርጣለን። ሦስቱን ጥያቄዎች በሚመለከት የምትደግፉትን፣ የምትቃወሙትንና ለድምፅ የምታቀርቡበትን ጊዜ የሚገልጽ የጽሑፍ መልስ ከየቢሮአችሁ እጠብቃለሁ። የሚደርሰኝን መልስ በአማርኛ ተርጉሜ ለወገኖቼ አቀርበዋለሁ፤ መልስ ያልሰጠውንም ቢሮ እንዲሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በስልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ መራጭ