በሩን አትቀርቅሪው

እናትዬ፣

ትናንት ማታ የቤት ጓደኛሽ ደወለችልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋ አልወረድሽም አሉ። ለኔ ግን «ጉንፋን ነው አባዬ» ብለሽኝ ነበር። ጉንፋን በር አያስቀረቅርም። የክፍልሽን በር ከውስጥ አትቀርቅሪ።

ስለ ደብተሩም ነግራኛለች። አትቀየሚያት። አማካሪዋ መጥፎ ሐሳብ ሲመጣብሽ ጽፈሽ «ማስረጃው ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂው ማለቷ ደስ ብሎኛል። ነገሩን ያመጣው አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። ድብርት ወደ ውስጥ የዞረ ንዴት ነው ሲባል ሰምቶ፣ እውነት መሆኑን ሊያሳይ የታካሚዎቹን ሕልም ቢመረምር ያገኘው ንዴት ሳይሆን ማጣትና መሸነፍ ሆነበት። «እኔ አልረባም፣ ዓለሙ ፊቱን አዞረብኝ፣ ነገም አይነጋልኝም።» ሦስቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት አለ። አንቺስ? አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶሽ ሳይቀጥርሽ ቢቀር «ለምንም አልሆንም» አልሽ። እሱን ጻፊውና ሞግቺው።

ደግሞ ቶሎ አልሠራም ብለሽ እንዳትተዪው። አሜሪካ ውስጥ 327 ድብርት ያለባቸው ታዳጊ ልጆች ላይ ተሞክሮ፣ በ12ኛው ሳምንት እንዲህ ባለው የንግግር ሕክምና ብቻ የተሻላቸው ከግማሽ በታች ነበሩ። በ36ኛው ሳምንት ግን 81 ከመቶ ደረሱ። መድኃኒት የተጨመረላቸው 86። ስለዚህ መድኃኒት ካዘዙልሽ ዋጪ፣ ምን ያሳፍራል?

ግን «ችግሩ አስተሳሰቤ ነው» ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሐሳቡ ነው ያሳመመሽ ወይስ ሕመሙ ነው ሐሳቡን የወለደው? ይሄን መለየት ለሐኪሞቹም ከባድ ነው። ከሥራ የቀነሱሽ በሐሳብሽ አይደለም። አከራይሽም ኪራይ የጨመረችው በሐሳብሽ አይደለም። ደብተሩ ይሄን አይከፍልም።

አጎትሽ ፋብሪካው ሲዘጋ እንደዚሁ ክፍሉን ቀርቅሮ ተኛ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰበክሁት። አስተሳሰብህን አስተካክል፣ ስንቱ አለ ካንተ የባሰ፣ ምናምን። ከውስጥ ሆኖ «እሺ ወንድሜ፣ አስተካከልኩ እንበል። የልጆቹን ወተት ማን ይግዛ?» አለኝ። የወሩ ደሞዜ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ከነፖስታው። አላወጣሁትም። ተቆጥቼ ሄድኩ። በኋላ አማኑኤል ሆስፒታል ታክሞ ተሻለው፣ እሱ ረስቶታል፣ ቡና ላይ እያነሳ ይስቅብኛል። እኔ ግን ያቺ በር ትታየኛለች።

በቴሌብር 4,000 ብር ልኬልሻለሁ። ለኪራይ ነው፣ እንዳትመልሺ። ዛሬ ገላሽን ታጠቢ፣ ሽሮም ቢሆን ትኩስ ነገር ቅመሺ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ደብተር ላይ አይደለም የሚጻፈው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓትም ቢሆን ለኔ ደውዪ። ስልኬን አላጠፋም።

እናትሽ ቆሎ እየቆላች ነው። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ፣ አምስት ሰዓት ላይ ደጅሽ ነኝ። አልሰብክሽም። በሩን ብቻ አትቀርቅሪው።

አባትሽ