ሞዴሉ በእኛ አፈር ተሠርቶ ይሰጠን

ለአማካሪ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ስለ ፀረ አረም ጥናቱ የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ በኮምቦልቻ ዙሪያ ያለውን የገበሬዎች ማኅበራችንን ወክዬ ነው። በማሽላና በበቆሎ ማሳችን የምንረጨው አትራዚን የተባለው ፀረ አረም አፈር ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ጉድጓድ ውሃችን ጋ ይደርስ እንደሆነም በኮምፒውተር ሞዴል አስልታችሁ እንድትነግሩን ከፍለናል። ሪፖርታችሁ «ጉድጓዱን አያሰጋም» ይላል። ይህን አልተቀበልነውም።

አባሪውን ገልጬ ሳየው የአየር ጠባዩ መረጃ የጀርመኗ ከተማ የሃምቡርግ ነው። አፈሩም የዚያው አገር አሸዋማ አፈር ነው። ይህ አውሮፓ ውስጥ ፀረ ተባይ ሲመዘገብ የከርሰ ምድር ውሃ ስጋት ከሚሰላባቸው 9 ቦታዎች አንዱ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዝናቡም ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። የእኛ ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው የሚወርደው። በልግ ከቀናን ትንሽ ይጨመርበታል።

እውነቱን ለመናገር የሙቀቱ ስህተት ብቻውን ቢሆን አይጎዳንም ነበር። አፈር ሲሞቅ ረቂቅ ተሕዋስያኑ ኬሚካሉን ቶሎ ይሰባብሩታል። የአውሮፓው ስሌት ራሱ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱን በ2.58 ያበዛዋል። አፈሩ ሲደርቅ ግን እነዚያው ተሕዋስያን ይዳከማሉ። እናንተ ደግሞ የሞዴሉን የእርጥበት ማስተካከያ ዘግታችሁ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ኬሚካሉ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ ክረምት ከበጋ 60 ቀን ነው ብላችኋል።

ትልቁ ቅሬታችን ዋልካው ነው። ባለሙያችሁ የመጣው መጋቢት ላይ ነበር። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። አንድ ገበሬ ዱላውን ስንጥቁ ውስጥ ሰዶ ሲያሳየው እስከ መያዣው ገባ። ባለሙያው አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናሙና ዘግኖ ሄደ። ስለ ስንጥቁ ሪፖርቱ ውስጥ አንድ ቃል የለም።

ሞዴላችሁ ውሃው በአፈሩ ውስጥ ቀስ እያለ፣ እኩል እንደሚሰርግ ነው የሚቆጥረው። አሸዋ ላይ ያስኬዳል። ዋልካ ላይ ግን የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የተረጨውን ጠርጎ በስንጥቁ ቁልቁል ይወርዳል። ብስባሽና ተሕዋስያን የሚበዙበትን የላይኛውን አፈር ዘሎት ያልፋል። አትራዚን ደግሞ አፈር ላይ አጥብቆ የሚጣበቅ ኬሚካል አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ፈቃድ የነፈገው ከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ መጠኑ በሊትር ከ0.1 ማይክሮግራም ሊያልፍ ይችላል ብሎ ነው። እርግጥ ነው፣ ክረምቱ ሲበረታ ዋልካው ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል። እኛ የምንረጨው ግን ገና ሳይዘጋ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው።

ስልክ ስደውል «ሞዴሉ ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ያለው ነው» ተባልኩ። በሞዴሉ አልተጣላሁም። የሰው አገር አፈር ካስገባችሁበት የሚሰጣችሁም የሰው አገር መልስ ነው።

ስለዚህ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት በየንብርብሩ ናሙና ወስዳችሁ፣ የየቀኑን ዝናብ ከኮምቦልቻ ሜትሮሎጂ ጣቢያ አምጥታችሁ ስሌቱን እንደገና ሥሩልን። በስንጥቅ የሚወርደውን ውሃ የሚያሰላ ሞዴል አለ፤ ስዊድን ውስጥ የተሠራው ማክሮ የሚባለው አንዱ ነው። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ እንደጣለም የጉድጓዱን ውሃ በራሳችሁ ወጪ ላቦራቶሪ አስመርምሩ። ሥራው ከሚቀጥለው ሰኔ በፊት ካልተጀመረ ገንዘባችን ይመለስልን። ቀሪውን ክፍያም እስከዚያ አንለቅም።

ከሁሉ በፊት ግን «አያሰጋም» የሚለውን ድምዳሜ ዛሬውኑ በጽሑፍ አንሱልን። ሰዉ ይህን ሰምቶ ልቡን ጥሎ እየቀዳ ነው፤ ልጆችም የሚጠጡት ከዚያው ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የማኅበሩ የሰብል ጥበቃ ኃላፊ