ሐሳብ ለሰጠ ነዋሪ ምላሽ ይሰጠው
ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከነዋሪው በኢንተርኔት የሚሰበሰቡ የመፍትሔና የፈጠራ ሐሳቦችን አያያዝ ይመለከታል

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

በከተማችን ለችግሮች መፍትሔ የሚሆን ሐሳብ ከነዋሪው በቴሌግራምም ሆነ በመተግበሪያ የሚሰበስብ ማንኛውም ተቋም ለሐሳብ አቅራቢው ምላሽ የመስጠት ግዴታ እንዲኖርበት አስተዳደሩ መመሪያ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እንዲህ ያለው መድረክ በመክፈቻው ሰሞን ሞቅ ብሎ ብዙም ሳይቆይ ጭር የሚለው ነዋሪው ግዴለሽ ስለሆነ አይደለም።

ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ተቋም ስለ ጎርፍ መከላከል ሐሳብ እንድንሰጥ ጋብዞን ነበር። አንድ ወጣት በደለልና በፕላስቲክ ጠርሙስ የተደፈነ ቦይ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለጠፈ፤ አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ከሥሩ ውኃው መጀመሪያ የሚሞላው የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሆነ ጻፈ፤ አንዲት መምህርት ደግሞ ከከተማዋ በላይ ባለው በደንገጎ በኩል ከባድ ዝናብ ሲጥል ያየ ሰው ለታችኛው ሰፈር የሚደውልበት የስልክ ሰንሰለት እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀረቡ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ለቀጠፈባት ከተማ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ሐሳብ አልነበረም። በጀት የለም ወይም አያዋጣም ቢባሉ እንኳ ሰዎቹ ይረዱ ነበር። የመለሰላቸው ግን አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ ሦስቱም አልጻፉም።

ተሳትፎን ለማቆየት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ሽልማት ነው። ሽልማት ሰው ይጠራ ይሆናል፤ የሚያቆየው ግን ሐሳቡ የት እንደደረሰ ማወቁ ነው ብዬ አምናለሁ። የዴንማርኩ መጫወቻ አምራች ሌጎ ከሕዝብ የመጫወቻ ሐሳብ በኢንተርኔት ይሰበስባል፤ ሐሳቡ ተመርቶ ለተሸጠለት ሰውም ከተጣራው ሽያጭ 1 በመቶ ይከፍላል፤ ከክፍያው ይልቅ ልንማርበት የሚገባው ግን 10,000 ደጋፊ ያገኘ ሐሳብ በኩባንያው እንደሚገመገም አስቀድሞ መታወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሐሳብ መሰብሰቢያ መድረክ የተከፈተላት የአይስላንዷ ሬይክጃቪክም በየወሩ ብዙ ድጋፍ ያገኙትን ሐሳቦች ወደ ከተማው ምክር ቤት ኮሚቴዎች ትመራ ነበር።

ሌላው ቁም ነገር የተሳታፊዎች እርስ በርስ መነጋገር ነው። የኮምፒውተር አምራቹ ዴል እ.ኤ.አ. በ2007 በከፈተው የሐሳብ መድረክ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ጊዜ ሐሳባቸው የተተገበረላቸው ሰዎች የቀድሞውን የሚመስል ሐሳብ ወደ ማቅረብ ያዘነብላሉ፤ በተለያዩ ሰዎች ሐሳብ ላይ አስተያየት የሚሰጡት ላይ ግን ይህ ችግር ይቀንሳል። ስለዚህ ነዋሪው ጽፎ ልኮ የሚሄድበት ብቻ ሳይሆን የሌላውንም አንብቦ የሚያሟላበት መድረክ ያስፈልገናል። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በአንድ ሰፈር በሚነገርበት ድሬ፣ ሦስቱንም ቋንቋዎችና የድምፅ መልእክት መቀበል እንዳለበት ግልጽ ነው።

መመሪያው ቢያንስ ምላሽ የሚሰጠውን ባለሙያ፣ የመልሱን ቀነ ገደብ፣ ሐሳቡ ውድቅ ሲሆንም ምክንያቱ በይፋ የሚገለጽበትን አሠራር እንዲደነግግ፣ ከሚቀጥለው ክረምት በፊትም ሥራ ላይ እንዲውል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሳቢያን ነዋሪ