ብሩ ያነሰው ለዚህ ነው

እታለም፣ እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አታስቡ። ሰላምታውን ባሳጥረው አትቀየሚኝ። ባለፈው በስልክ «ለልጆች ሥዕል ለመሳል ነው እንዴ ባሕር ያቋረጥሽው?» ስትዪኝ ሆድ ባሰኝና ዝም አልኩ፤ ዝምታውም ረዘመ። አሁን ልንገርሽ።

የምልክላችሁ ብር ያነሰው የቅዳሜና እሁዱን የጽዳት ሥራ ስለተውኩ ነው። የምሠራላትን ሴትዮ፣ ሲኞራዋን፣ ማስታመሙ እንዳለ ነው። የእማዬን የመድኃኒት ብር ደግሞ ከሁሉ በፊት ነው የማስቀምጠው፤ እሱ አይነካም። ሁለቱን ቀን የሰጠሁት ለልጆች ለማዘጋጀው የሥዕል መጽሐፍ ነው። ጽሑፉም ሥዕሉም የኔ ነው። አሳታሚ ተቀብሎኝ ውል ፈርሜያለሁ።

ጨዋታ እንዳይመስልሽ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አትሞ፣ አጣጥፎ ስለሚቆርጠው እንደፈለግሽ ገጽ መጨመር የለም። ታሪኩ በጥቂት መቶ ቃላት ተጀምሮ ማለቅ አለበት። ሥዕሉ የተናገረውን ጽሑፉ ከደገመው ይሰረዛል። የሰው ፊት ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት መሃል ላይ ካረፈ ስፌቱ ይውጠዋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ገጽ ማስገለጡ ነው፤ ልጁ ቸኩሎ እንዲገልጥ የቀኙ ገጽ መጨረሻ ላይ ነገሩን አንጠልጥለሽ መተው አለብሽ። ይሄን ከማን እንደተማርኩት ታውቂያለሽ? መብራት በጠፋ ቁጥር እማዬ «ተረት ተረት» ስትለን፣ ልክ ጅቡ በሩ ጋ ሲደርስ ዝም ብላ ቡናዋን ፉት ትል አልነበር? «ከዛስ? ከዛስ?» እያልን ቀሚሷን እስክንጎትት ድረስ። ሥራው እሱ ነው። እዚህ ሰው ከፍሎ የሚማረውን እኔ ቡራዩ፣ ምድጃ ሥር ተምሬዋለሁ።

ያለሁበት የጣሊያኑ ቦሎኛ ደግሞ በዚህ ሥራ የታወቀ ከተማ ነው። የሕፃናት መጻሕፍት አውደ ርዕይ በፈረንጆቹ 1964 ተጀምሮ እስከ ዛሬ አለ። አሳታሚዎች ከየአገሩ መጥተው የማሳተም መብት ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። ማንም ሰዓሊ ሥራውን የሚለጥፍበት ግድግዳም አለ። የኔም እዚያ ተለጠፈ። አንዲት ሴትዮ ፊቱ ቆመች። ያየችው ጀሪካኑን ነው፤ ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የተወተፈ ቢጫ ጀሪካን፣ ልጅቷ በገመድ አዝላው አፉ ዳር ጠብ ጠብ ሲል። «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። ውሉ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ገጾቹን የምታቀናብረው ልጅ የእናትየዋን ነጠላ «ጥለቱን ወደ ፊቷ አዙሪው፣ ቀለሙ ያምራል» አለችኝ። እንዴት ተደርጎ! እሱማ ለቅሶ ነው፣ ሴትዮዋ እኮ ሠርግ እየሄደች ነው አልኳት። ብዙ ተከራከርን፣ ግን እንደነበረ ቀረ። ነገ የሚወለዱት የወንድማችን የማሙሽ ልጆች መጽሐፉን ሲገልጡ አያታቸውን ሐዘንተኛ ሆና እንዲያገኟት አልፈልግም። የአማርኛውንም መብት አልሸጥኩም፣ ውሉ ላይ ለራሴ አስቀርቻለሁ። ክፍያው ግማሹ ሲፈረም፣ ግማሹ ሥዕሉ ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ታገሺኝ። ሰው አገር ደክሜ እናቴን የረሳሁ አታስመስዪኝ።

የማሙሽ ሠርግ ጥር ላይ መሆኑን ስሰማ እልል ብዬ ሲኞራዋን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። ሽማግሌ የሄዱት እነማን ናቸው? በአባዬ ቦታ ማን ተቀመጠ? ልጅቷስ እማዬን እንዴት አድርጋ ሳመቻት? ማንም አይነግረኝም። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ስላላለቀ አልመጣም፤ ጌሾው ሲወቀጥ፣ ሴቶቹ ጓሮ ሽንኩርት እየከተፉ ሲስቁ፣ አንቺ እዚህና እዚያ ሽርጉድ ስትዪ እኔ የሰው ቤት መስኮት እወለውላለሁ። ተይው። የድንኳኑን ወጪ እኔ እችላለሁ፣ ከመጀመሪያው ክፍያ አስቀምጬለታለሁ።

አደራ፣ የእማዬን እግር ማታ ማታ እይላት። ስኳር ያለበት ሰው ቢቆስል ላይሰማው ይችላል። ባዶ እግሯን ግቢ አትውጣ። መብራት ሲሄድ ኢንሱሊኑን በረዶ ላይ እንዳታስቀምጡት፣ በረዶ ከሠራ ይበላሻል፤ እርጥብ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ አኑሩት። «ደህና አያለሁ» ብትልሽም ለዓይን ምርመራው በየዓመቱ ውሰጃት። መጽሐፉን በገዛ ዓይኗ እንድታየው ነው የምፈልገው፣ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያንን የጅቡን ተረት ስትናገር በስልክ ቅጂልኝ፣ ቡናዋን ፉት የምትልበትን ሳትቆርጪ። የአማርኛውን የምጽፈው በሷ አነጋገር ነው። ድንኳን አከራዩንም ከአሁኑ ያዙ፣ ጥር ላይ ሠርግ ይበዛል። ቀብዱን ሰኞ እልካለሁ።

እህትሽ