አልበሙን ከመሸጥሽ በፊት

ሐረር፣ ጁገል

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እዚህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአያቴን የቴምብር አልበም «በደፈናው ልግዛው» የሚል ሰው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ድረስ እየተመላለሰ ነው አሉኝ። አታባርሪው፤ ግን ገና እሺ እንዳትይው። በደፈናው የሚገዛ ሰው ከውስጡ ያያት ነገር አለች። እሷን ከእሱ በፊት አንቺ እንድትለያት ነው ይህን የምጽፈው።

በሚኒባሱ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ወረንጦና ማስመሪያ ልኬልሻለሁ። በቅንድብ ወረንጦ እንዳትነኪው፣ ይቧጭረዋል። የድሬ ሙቀት ሳይከፋ በማለዳ፣ ቬንትሌተሩን አጥፍተሽ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ሥሪ። ላብ የነካው ሙጫ አልበሙ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

መጀመሪያ ቀላሉን ገለል አድርጊ። «ኤቲዮፒያ» ተብሎ በጣሊያንኛ የተጻፈባቸውና የንጉሣቸው መልክ ያለባቸው የ1936 ናቸው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥርልሽ፤ የድሮው የፖስታ ማኅተም ቀኑ በእነሱ ስለሆነ እንዳይምታታብሽ።) የራስ ተፈሪና የንግሥት ዘውዲቱ መልክ የሚፈራረቅባቸው ደግሞ የ1928 ናቸው። እነዚህን በየፖስታው ከተሽ ተያቸው።

ዋናው ሥራ ከምኒልክ ዘመኖቹ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ የ1894 ቴምብሮች ሰባት ናቸው፤ ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ቀርጿቸው ፓሪስ ታተሙ። ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ግርሽ የምኒልክ መልክ አለባቸው፤ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ አንበሳ። ሩቡ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቀይ፣ 1 ሰማያዊ፣ 2 ጥቁር ቡናማ፣ 8 ሐምራዊ፣ 16 ጥቁር ነው። ግርሽ የያኔው ገንዘብ ነው፤ 16 ግርሽ አንድ የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። የ1909ኞቹ ደግሞ የሰሎሞን ዙፋን፣ ምኒልክ በአገር ልብስና ምኒልክ በልብሰ መንግሥት ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ጋር አይምታቱም። ከተጠራጠርሽ ጥርሳቸውን ቁጠሪ፤ በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለው ቀዳዳ ነው የሚቆጠረው። የ1894ቱ በአግድም 14፣ በቁመት 13 ተኩል ነው፤ የ1909ኙ 11 ተኩል። ግማሿን በማስመሪያ መለየት ያስቸግራል፤ በ14 እና በ11 ተኩል መካከል ያለውን ልዩነት ግን ማንም ያየዋል። የጥርስ መለኪያውን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ልላክልሽ ነበር፤ ማሽኑ በጥቂቱም ቢያሳንሰው ቆጠራው ሁሉ ስለሚሳሳት ተውኩት።

ገንዘቡም ማታለሉም ያለው ግን በላያቸው ላይ በእጅ የተመታው ጽሑፍ ላይ ነው። በ1901 የአገሩ ስም በላቲን ፊደል፣ በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 «መልእክት» ለማለት የተቀረጸ ቃል፣ በ1905 የሳንቲም ዋጋ፣ በ1906 «ምኒልክ»፣ በ1907 «ዳግማዊ» ተመቶባቸዋል። «ቦስታ» የሚለውን ስታዪ ስህተት መስሎሽ እንዳትጥዪው፤ ፖስታ ያኔ የሚጻፈው እንዲያ ነበር። ምንም ያልተመታበት ቴምብር ብዙ የተረፈ ስለሆነ፣ ማኅተም ቀራጭ የሚያውቅ ሁሉ እቤቱ ሊመታበት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ።

የፖስታ ቤት ማኅተም ባረፈባቸው ላይ የቀለሙን ቅደም ተከተል እዪ። እውነተኛው ጽሑፍ ቴምብሩ ከመሸጡ በፊት ነው የተመታው፤ ማኅተሙ የመጣው በኋላ፣ ደብዳቤው ሲላክ ነው። ጽሑፉ ማኅተሙን ረግጦ ካለፈ፣ አንድ ሰው ያገለገለ ቴምብር ላይ በኋላ መትቶበታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ጥቁር ቀለም ከሐምራዊ በታች ቢሆንም እንኳ ለዓይን ከላይ ያለ ይመስላል። በቀጥታ አትመልከቺው፤ መስኮት አጠገብ ይዘሽ አዘንብዪና ብርሃኑ በጎን ሲመታው፣ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ላይ የማይቆረጠውን መስመር ፈልጊ፤ ከላይ ያለው እሱ ነው። ካልለየልሽ «ያልታወቀ» ብለሽ ለብቻ አስቀምጪው። አትገምቺ።

ሌላው መንገድ ተመሳሳዮቹን ጎን ለጎን መደርደር ነው። ጽሑፉ የተመታበት መምቻ ፊደሉ ጠርዙ ላይ ከተሸረፈ ሽርፉ በየቴምብሩ ይደገማል። አቀማመጡ ግን በእጅ ስለሆነ አንዱ ይዘማል፣ አንዱ ወደ ጥግ ይሸሻል። አሥሩም አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብለው ከተሰለፉ እኔ አላምናቸውም።

የፖስታ ቤቱ ማኅተም ራሱም ይመረመራል፤ በዚህ አንቺ ከማንም ትበልጫለሽ። ሐረር የሚል ማኅተም የ1895 ቀን ቢይዝ ያስኬዳል። የድሬዳዋ ሆኖ ከ1902 በፊት ቢል ግን ውሸት ነው፤ ባቡሩ ሳይደርስ ድሬ የት ነበረች? ማኅተሙ ክብ፣ ጥርት ያለና መሃል ለመሃል የተቀመጠ ስለሆነ ብቻ አትመኚው፤ የሐሰት ማኅተምም ሞልቷል።

የ1919ኞቹ፣ ቀጭኔ፣ ነብር፣ ሰጎን፣ ዝሆንና አንበሳ ያሉባቸው፣ በኋላ በገፍ እንደገና ታትመዋል። ጀርባቸውን ገልብጪ፦ የመጀመሪያው ሙጫ ነጭና ልስልስ ነው፤ ዳግም የታተመው ወደ ቡናማ የሚያደላና በሰያፍ የተሰነጠቀ ነው። የከዚራ ሙቀትም ሙጫ ይሰነጥቃልና ስንጥቁን ብቻ አትዪ፣ ቀለሙንም አስተያዪ። ሥዕሉ ተገልብጦ የታተመበት ወይም ጥርስ የሌለው ብታገኚ አትደንግጪ፤ ዳግም ከታተሙት መካከል እንዲህ ያሉ አሉ። ሰውየው «ብርቅ ነው» ብሎ ሌላውን በርካሽ ሊያስለቅቅሽ የሚችለው በዚህ ነው።

እዚያው ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ የብር ኖት መመርመሪያ ትንሽ መብራት ይሸጣል፤ ጎረቤት ካለው ተዋሺው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ደማቅ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ወረቀት ዘመናዊ ነው፤ የምኒልክ ዘመን ወረቀት እንዲያ አያበራም። የማያበራ ሁሉ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም።

አሁን የማስጠነቅቅሽ ነገር። በእጅ የተመታበትን ቴምብር በምንም ምክንያት ውኃ ውስጥ እንዳትነክሪ፤ ሐምራዊው ቀለም ይለቅቃል፣ ቴምብሩም ያልቃል። ሌላውን ወረቀት ላይ የተጣበቀ፣ ዙሪያውን አንድ ሳንቲ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጪና ለብ ባለ ውኃ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ 20 ደቂቃ ያህል አንሳፊው። በራሱ ይንሸራተታል፤ ከጎተትሽው ይሳሳል። በፕላስተር የተያዘ ካለ ተዪው።

ሙሉ ፖስታ ካገኘሽ ደግሞ መቀስ አይቅረበው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ኅዳር 1 ቀን 1908 ነው፤ የፈረንጅ ኅዳር ማለቴ ነው። ከዚያ በፊት የምኒልክ ቴምብር ከጅቡቲ ወዲያ ስለማይሠራ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳዮቹ የጅቡቲ ቴምብርም ይለጠፍበት ነበር። የሁለቱ አገር ቴምብር አብሮ የሚታይበት አንድ ፖስታ ከአልበሙ በሙሉ ሊበልጥ ይችላል። ሰውየው የሚፈልጋት እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ አያቴ ደብዳቤ ያኖሩበት የነበረውን ቆርቆሮ ሣጥንም ፈትሺ።

ቅዳሜ በደንገጎ ወርጄ እመጣለሁ። እስከዚያ ቦስታና መልእክት የተመቱትን፣ «ያልታወቀ» ያልሻቸውንና ሙሉ ፖስታዎቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፊባቸው። ሰውየው ከመጣ ከ1928 ወዲህ ያለውን ብቻ አሳዪው፣ ቡናም አፍዪለት።

አክባሪ ልጅሽ