የምርምሩ ርዕስ ለናሙና ሰጪውም ይነገረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት ሳገለግል 17 ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ ሕመምተኛ ሪፈር አድርጌ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በሄድኩበት ጊዜ፣ ከመምህራኑ ቢሮ ፊት ለፊት በመስታወት የተሸፈነ ሰሌዳ አየሁ። የእያንዳንዱ መምህር ስምና የምርምር ትኩረት ሰፍሮበታል፤ አንዱ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን፣ ሌላዋ የወባን ተሕዋስ ዘረ መል፣ ሌላው የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን ያጠናሉ። ዝቅ ስል አንድ መምህር ፖዶኮኒዮሲስን፣ ማለትም ሕዝባችን ዝሆኔ ከሚላቸው ሕመሞች ከአፈር የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ እንደሚመራመሩ አነበብኩ። እኔ ዘወትር ሐሙስ በዚሁ በሽታ ያበጡ እግሮችን ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከጤና ጣቢያችን ግማሽ ቀን በማያስኬድ ቦታ ይህን የሚያጠና ባለሙያ መኖሩን ግን ያወቅሁት ያን ዕለት፣ ያውም በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ሰሌዳ ነው።

በሽታው ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳው አልፈው ይገቡና የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቧንቧዎች ይጎዱበታል። ትንኝ ከምታስተላልፈው የቆላ ዝሆኔ የሚለየውም በዚህ ነው። በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ተደርጎ በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው 100 ነዋሪዎች መካከል ከ3 በላይ የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል። በእኔ መዝገብ ግን ቁጥሩ ሰው ነው፤ ከእነርሱ የአንዲቱን እናት ነገር ላንሣ።

ከ6 ዓመት በፊት አጥኚዎች ነን ያሉ ባለሙያዎች ወደ ቀበሌያችን መጥተው ነበር። የፈቃደኝነት ቅጹ በአማርኛ ተነበበላቸው፤ እኒህ እናት አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ፣ እግራቸው በሜትር ተለካ፣ ከክንዳቸውም ደም ተቀዳ። ባለሙያዎቹ በዚያው ሄዱ። እናታችን ግን እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ እግራቸውን ሳፋው ውስጥ እንደነከሩ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ያ የወሰዱት ደሜ ምን ተገኘበት?» ይሉኛል። የምመልሰው የለኝም። ምን እንደተጠና፣ የት እንደታተመ፣ በማን እጅ እንዳለ የነገረኝ ሰው የለም።

ይህ ጥያቄ ከጨዋነት ጉድለት በላይ የሆነ ጣጣ አለው። በ2004 ዓ.ም. የታተመ በወላይታ የተካሄደ የዘረ መል ጥናት፣ ኤች.ኤል.ኤ. በሚባለውና የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት በሚመራው የዘረ መል ክፍል ያሉ ልዩነቶች አንዳንዱን ሰው ይበልጥ ተጋላጭ እንደሚያደርጉት አመልክቷል። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ማሳ አርሰው የአንደኛው እግር ሲያብጥ የሌላው ደህና የሚሆንበትን ምክንያት በከፊል ያስረዳል፤ ትልቅ ግኝት ነው። ዳሩ ግን ይኸው ግኝት በጎደሎ ወደ መንደር ሲደርስ «ድሮም ዘር ነው ብለን ነበር» ይባላል፤ የታመመ አባት ያላት ልጅም ሽማግሌ ሳይላክላት ትቀራለች። የተጋላጭነት ውርስ ብቻውን እግር እንደማያሳብጥ፣ ከአፈሩ ጋር የረጅም ጊዜ ንክኪ እንደሚያስፈልግ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ልጅ ከታመመ ቤተሰብ ቢወለድም ሊጠበቅ እንደሚችል አብሮ በአማርኛ መነገር አለበት። ይህን መናገር የአጥኚው የሥራው ክፍል ነው እንጂ ለእኛ የሚተው ትርፍ ሥራ አይደለም።

የላቦራቶሪ ምርምርን ከገጠር ችግር የራቀ ቅንጦት አድርገው ከሚያዩት ወገን አይደለሁም። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሙከራ፣ በሳሙናና በተበረዘ በረኪና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ተደማምረው እያተኮሰ የሚጥለውን የእግር ቁጣ እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ሲታተም የእኔን የሐሙስ ሥራ ትክክለኛነት ያጸደቀልኝ ያህል ተሰምቶኛል። ከዚያ ወዲያ ያልተመለሱልኝ ጥያቄዎች አሉኝ፤ ለምሳሌ በእርሻ ወቅት ቁጣው ለምን በአንዳንዱ ላይ ይደጋገማል? በጭቃ ማሳ ከሞፈር ኋላ የሚሄድ ገበሬ እግሩ ላይ የሚቆይ ጫማስ ምን ዓይነት ነው? ያገኘው የላስቲክ ቦት ጭቃው ውስጥ እየተነቀለ ስለሚያስቸግረው አውልቆ ከድንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ ወደ ማጥፋት ምርምር የገቡት። ጥያቄው የተገኘው ከወንዝ ዳር ነው። የእኛም መምህራን ትኩረታቸውን ሲመርጡ በየጤና ጣቢያው የተጠራቀመውን ጥያቄ ቢሰሙ ከሰሌዳው ላይ አንዳንድ መስመር ይለወጥ ይመስለኛል።

ስለዚህ በክልላችን ያሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመምህራኖቻቸውን የምርምር ትኩረት በቀላል አማርኛ ጽፈው በዓመት አንድ ጊዜ ለየጤና ጣቢያው እንዲልኩ፣ ናሙና የተወሰደበት ቀበሌም ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱ በቀበሌው ስብሰባ ላይ በቃል እንዲነገረው እጠይቃለሁ። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም ይህን የፈቃድ መስጫ ቅድመ ሁኔታ ሊያደርጉት ይችላሉ። ስማቸውን በሰሌዳው ላይ ላነበብኩት መምህር ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልሳቸው እስኪደርሰኝ ድረስ ሐሙስ ጠዋት የእግር ማጠቢያ ክፍላችን ክፍት ነው፤ እናታችንም ከሁሉ ቀድመው ደርሰው በር ላይ ይቀመጣሉ።

አንድ የጤና መኮንን፣ ከምሥራቅ ጎጃም