ጣዝማ ማር ቫይረስን ይከላከላል ወይ? ለዓለም ጤና ድርጅት የባህላዊ ሕክምና ማዕከል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የማዕከሉ ኃላፊዎች፣

ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር «ጣዝማ ሞክር» የሚለኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። እኔም እሞክራለሁ፤ ይሻለኛል። ግን ጉንፋን መች ሳይሻል ቀርቶ ያውቃል?

የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው። ማዕከላችሁ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕንድ፣ ጃምናጋር ላይ ሲቋቋም ባህላዊ መድኃኒትን በማስረጃ መመዘን ሥራው ሆኗል። እስኪ ጣዝማንም መዝኑልን።

ጣዝማ መንደፊያ የሌለው ትንሽ የንብ ዘመድ ነው፤ እንደ ተራ ንብ ባለ ስድስት ጎን እንጀራ አይሠራም። ሰምን ከዛፍ ሙጫ ጋር ለውሶ ትንንሽ ድቡልቡል ማሰሮ ያበጃል፤ ማሩ እዚያ ውስጥ ይከርማል። ቀመስ ስታደርጉት ይጎመዝዛል፤ ከማንኪያ ላይ እንደ ውሃ ይወርዳል። ተመራማሪዎች ተስፋ የሚጥሉት ከአበባውም ከሙጫውም በሚመጡት ፍላቮኖይድና ፊኖሊክ አሲዶች በሚባሉ የዕፅዋት ውህዶች ላይ ነው።

እስካሁን ያለው ማስረጃ ግን ስስ ነው። ማር ቤተ ሙከራ ውስጥ የኢንፍሉዌንዛንና የሄርፒስን ቫይረሶች ሲያዳክም ታይቷል፤ ያ በአብዛኛው የተለመደው የንብ ማር ነው። ሳህን ላይ ያለ ሴል ደግሞ ሆድም ጉበትም የለውም። እኛ የምንውጠው ማር ተፈጭቶ፣ ተዋህዶ፣ ቫይረሱ ጋ ምን ያህሉ ይደርሳል?

በቅድሚያ ምኑ እንደሚሞከር ይለይ። የጣዝማ ዝርያ ከ500 በላይ ነው፤ የአንዱ ማር ለሌላው ምስክር አይሆንም። ዓለም አቀፉ የማር ደረጃ በጥቅሉ ከ20 በመቶ የበለጠ ውሃ አይፈቅድም፤ ጣዝማ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያልፋል። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለብቻው ደረጃ ያወጣችለት ወዳ አይደለም። ዝርያው፣ የውሃው መጠንና አሲድነቱ ያልተጻፈበት ማር ወደ ሙከራ ባይገባ ጥሩ ነው።

ከዚያ ሰው ላይ ይሞከር። ታማሚዎቹ በዕጣ ይከፈሉ፤ ግማሾቹ ጣዝማ፣ ግማሾቹ ተራ ማር ይውሰዱ። ተራ ማርም ሳል ስለሚያስታግስ «ተሻለኝ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ከአፍንጫ ናሙና ተወስዶ የቫይረሱ መጠን ይለካ። (ጉምዛዜው ማን ምን እንደወሰደ ያሳብቃል፤ ለዚህ መላ ፈልጉለት።) ቦቱሊዝም የሚባለው በባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ ከባድ በሽታ ስለሚያሰጋ ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንዳይገባ።

ውጤቱ «ምንም ለውጥ የለም» ቢሆንም አትሙት። እኔ ጣዝማዬን ለጣዕሙም ቢሆን አልተውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጣዝማ ወዳጅ